የማለቂያ ምልክት

ጓድ ገብረኪዳን ከሶፍያ ሲመለስ ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ በአዋሽ ዳር ሙቀት ማንም የማይለብሰውን ወፍራም ካፖርትና "እኔ የሠራሁት አይሳሳትም" የሚል እምነት። ካፖርቱን ብል በላው። እምነቱን ምንም አልነካውም።

እኔ ያን ጊዜ የእርሻው ኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ማተሚያው ላይ ነበርኩ። ከአዳማ ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የሸንኮራ እርሻ ነበር፤ ስሙን አልጠራም፣ እዚያ የሠራ ያውቀዋል። ዘመኑ ሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ነው፤ ሰው ሁሉ ጓድ የሚባልበት፣ ጓደኛ ግን የጠፋበት ዘመን። ክፍላችን ቀዝቃዛ ነበር፤ ለእኛ ታስቦ እንዳይመስላችሁ፣ ለማሽኑ ነው። ቆራጩ በተቃጠለ ሸንኮራ መሐል ጥላሸት ለብሶ ሲንገበገብ ይውላል፣ ማሽኑ አየር እየተነፋለት ይውላል።

የማሽኑ ጠላት መብራት ነበር። ዲስኩ ላይ እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ካለ ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። አንዱ ቤት ተሰጥቶት ስም አይኖረውም፤ ሌላው ስሙ ሁለት ቦታ ይገባና የአንዱም ቦታ ሰው ሳይሆን ይቀራል። ያንን ለማቃናት ካርድ ስናገላብጥ ዓይናችን ይጠፋ ነበር።

ገብረኪዳን መድኃኒት አገኘለት። ሰውዬውን ባልወደውም ጭንቅላት የለውም አልልም። ማሽኑ ዲስኩን ከመንካቱ በፊት ሊያደርግ ያሰበውን ቴፕ ላይ ይጽፋል። ጽፎ ሲጨርስ የማለቂያ ምልክት ያስቀምጣል። ዲስኩን የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ቴፑን ከመጀመሪያው ያነብና የማለቂያ ምልክት ያለበትን ሁሉ እንደገና ይፈጽማል፤ ምልክት የሌለበትን ጭራሽ እንዳልታሰበ ቆጥሮ ይጥለዋል። ግማሽ ነገር የሚባል ቀረ። ቴፑን ዋስ ብለን ጠራነው፤ ስሙን ያወጣው ራሱ ነው።

ዋስ ፈጣንም ነበር። ሌላ ቦታ ሥራ እያቆሙ ዲስኩን በሙሉ ይገለብጣሉ፣ እኛ ጋ ሥራ አይቆምም። ለዚህ ፍጥነት ሲል ግን ገብረኪዳን የሚያጓትት የመሰለውን ሁሉ ቆርጦ ጣለ። ስምና ቤት፣ መሰረዝና ማዛወር የመሳሰለውን ጥቃቅን ያለውን ነገር በዋስ በኩል አያሳልፍም፤ በቀጥታ ዲስኩ ላይ ይጻፋል። ዋስም እንደገና ሲፈጽም ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያየው፤ ቁጥሩ ዛሬ የማን እንደሆነ አይጠይቅም። "ማጣራት ያዘገያል" ይል ነበር። ቴፑንም በየጊዜው አጥፍቶ ከአዲስ መጀመር ሲገባው፣ ማጥፋቱ ግማሽ ቀን ሥራ ያስፈታል ብሎ ከወር ወር አስረዘመው።

ሶፍያ ሸንኮራ አይቆረጥም፤ እዚያ ይህ ሁሉ ልክ ሳይሆን አይቀርም። እኛ ጋ ግን ታርጋ አለ።

ታርጋ ማለት ሠራተኛው አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥላት ቁጥር ያለባት ነሐስ ናት። ቤት የሚሰጠው፣ ክሊኒክ የሚገባው በእሷ ነው። ከከምባታ፣ ከወሎ፣ ከአርሲ የመጣው ቆራጭ አገሩ ሲገባ ታርጋውን ለቢሮ አይመልስም፤ ለወንድሙ ወይም ለአጎቱ ልጅ ያወርሳል። ወራሹ ሠራተኛ አስተዳደር ሄዶ ስሙን ያስለውጣል፣ ቁጥሩ ባለበት ይቀጥላል። እንዲያ ካልሆነ ቤቱ ለባዕድ ይሄዳል፣ ይህ ደግሞ በዘመድ ዘንድ ነውር ነው። ቢሮውም ነሐስ ከመግዛት ተገላገልኩ ብሎ ዝም ይላል።

ዙህራ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የማሽኑ መጻፊያ ቁልፍ ላይ የምትጽፈው ነበረች። የወሎ ሰዎች ልጅ ናት፣ አዳማ ተወልዳ አሥራ ሁለተኛን የጨረሰች፣ ጣቷ የሚበር። ፈይሳ የሚባል የቡልቡላ ልጅ አገባች፤ ወፍጮው ላይ ነው የሚሠራው። ሰርጋቸው ላይ ነበርኩ። ሚዜው ጃራ ነበር፤ ከኩየራ ወዲህ ያለ ልጅ፣ ሲስቅ የሠራተኛው ካምፕ ሁሉ የሚሰማው። ቤታቸው ግድግዳ ለግድግዳ ነው፣ የሚበሉትም ከአንድ ሳህን ነው ማለት ይቻላል። ጃራ ሚስት የለውም፤ አንዲት እናት አሉት፣ ሰፈሩ ሀዳ ጃራ፣ የጃራ እናት፣ ይላቸዋል።

ፈይሳ የያዛት ታርጋ የአጎቱ ልጅ የጆቴ ነበረች። ጆቴ ታኅሣሥ ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ተመደበ። ምደባው ትልቅ ጉዳይ ነውና በዋስ በኩል አለፈ፤ የማለቂያ ምልክቱንም አገኘ። ጆቴ ግን ከመሰለፉ በፊት ታርጋውን ለፈይሳ ሰጥቶ በጭነት መኪና በሞጆ በኩል ጠፋ። የምልመላ ኮሚቴው በምትኩ ሌላ ሰው ወሰደ። የጆቴን ምደባ ዲስኩ ላይ በቀጥታ ሰረዙት፣ በቁጥሩ ላይ የፈይሳን ስም ጻፉ። ጥቃቅን ነገር ነዋ። ዋስ ይህን አልሰማም። ዋስ የሚያውቀው ያ ቁጥር ለውትድርና መመደቡን ብቻ ነው።

መጋቢት ላይ ሌላ የውትድርና ዙር መጣ። ገብረኪዳን ከእርሻዎች ሁሉ ቀድሞ ዝርዝሩን ለአውራጃው ማስረከብ ፈልጓል፤ ሾፌሩን በር ላይ አቁሞታል። በዚያ መሐል መብራት ጠፋ። ሲመለስ ዋስ ራሱን ከመጀመሪያው አነበበ፣ ምልክት ያለበትን ሁሉ እንደገና ፈጸመ፣ ገብረኪዳን እጁን አፋጨ። እኔ አተምኩ። ወረቀቱ ሳይቀዘቅዝ ሾፌሩ ይዞት ሄደ።

ቅጂውን ያነበበችው ዙህራ ናት። ማሽኑ ፊደላችንን አያውቅም፣ ስሙን ሁሉ በፈረንጅ ፊደል ነው የሚያትመው፤ እሷ ግን የባሏን ስም በየትኛውም ፊደል ታውቀዋለች። ወረቀቱን ይዛ ተነሳች። የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች፣ ሲያዩዋት ግን ያን ጊዜ እርግዝናዋ የተረሳት ትመስል ነበር።

"ጓድ ገብረኪዳን፣ ይህ የጆቴ ምደባ ነው። ፈይሳ ላይ ወጥቷል።"

"ማሽን ስም አያቀያይርም፣ ዙህራ።"

"ስሙን አይደለም። ዋስ የታኅሣሡን ነው የደገመው፤ ታርጋው ግን ከዚያ ወዲህ ሰው ለውጧል።"

ወረቀቱን ተቀብሎ አየ። ወዲያው ገባው፤ ፊቱ ላይ አየሁት፣ ደሙ ወረደ። ከዚያ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ያን ፊት ዛሬም ሳስበው እጄ ያሳክከኛል። በሩን ዘጋ፣ እኔን ግን አላስወጣኝም፤ እኔ ለእሱ እንደ ማተሚያው ነበርኩ።

"ለአውራጃው ተሳስተናል ብዬ ልጻፍ? የእኛን አሠራር ሌሎቹም ሊወስዱት ነው። በአንድ የቡልቡላ ልጅ የተነሳ?"

"ባሌ ነው።"

"እሱን አውቃለሁ። ስለዚህ እረዳሻለሁ።" ወንበሩን ሳበላት። "እርማት መላክ እንችላለን። እርማት የማንኛውም ሥራ ወግ ነው። ግን የሰዉ ቁጥር መጉደል የለበትም። አንዱ ከወጣ አንዱ ይገባል። ማን እንደሚገባ የምታውቂው አንቺ ነሽ፣ ካምፑ ውስጥ የምትኖሪው አንቺ ነሽ። እኔ አላየሁም። ነገ ጠዋት ራስሽ ጻፊው፣ ምልክቱን ራስሽ አስቀምጪበት።"

የማለቂያ ምልክት ሲቀመጥ የጸሐፊው መለያ አብሮ ይቀመጣል። ያን ያውቃል። ለዚህም ነው ራስሽ ያላት።

ከዚህ ወዲያ ያለውን የነገረችኝ ዙህራ ናት፤ በኋላ፣ ሁሉም ካለፈ በኋላ። ቤት ገብታ ለፈይሳ ነገረችው። እየጮኸ የሚሄድ መስሏት ነበር። እሱ ግን ተቀመጠና የካምፑን ሰው በስም መቁጠር ጀመረ። ሱሩር ልጆች አሉት። ያኛው የእናቱ ወገን ነው። ይኼኛው ወንድሙ የሚሊሻ አለቃ ነው፣ አይነካም። በሬ የሚመርጥ ይመስል ነበር አለችኝ።

"ጃራ አለ" አለ በመጨረሻ።

"ሚዜህ አይደለም እንዴ?"

"ሚዜዬ ነው። ለዚህ እኮ ነው የማይቀየመኝ።"

ግድግዳው ስስ ነው፣ ጃራ በወዲያኛው በኩል ለእናቱ ዘፈን ያንጎራጉር ነበር። ፈይሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ልጁ ያለ አባት ይደግ ካልሽ እኔ እሄዳለሁ" አላት። ይህን ያላት ሆዷ ላይ እጁን አሳርፎ ነው። እኔ ብሆን እጁን እነክሰው ነበር፤ እሷ ግን ትወደው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቁልፉ ላይ ተቀመጠች። ገብረኪዳን ከኋላዋ ቆመ። የፈይሳን ቁጥር ከምደባ አወጣች፣ የጃራን አስገባች። ምን እንደምትጽፍ እኔ አላየሁም፤ ጀርባዋን ብቻ ነው ያየሁት፣ እንደ እንጨት ደርቆ። የማለቂያ ምልክቱ ቀርቷት ጣቷን አንስታ ቆየች። አጠገቡ ያለውን ቁልፍ እንኳ አልነካችም። ቆየች፣ ቆየች፣ ከዚያ መብራት ጠፋ።

ገብረኪዳን ሰደበ፤ ማንን እንደሆነ እንጃ። ጄኔሬተሩን ሊያስነሳ ወጣ። እኛ መስኮቱን ከፈትነው፣ ያ ቅዝቃዜ ወጥቶ የውጪው ሙቀትና የተቃጠለ ሸንኮራ ሽታ ገባ።

ጃራ በመስኮቱ መጣ። ከሥራ አምልጦ ነው፣ ክንዱ እስከ ክርኑ ጥላሸት ነው።

"አካም ጅርቱ" ብሎ በሳቅ ሰላም አለን። ከዚያ ወደ ዙህራ ተጠጋ። "የፈይሳ ስም መውጣቱን ሰምቻለሁ። ለምን አልነገራችሁኝም? ግድ የለም። ጆቴ ታርጋውን ሲሰጠው የነበሩትን ሦስቱን ሽማግሌዎች አናግሬያለሁ። ይመሰክራሉ። ነገ ጠዋት ራሴ ኮሚቴው ፊት ይዣቸው እቀርባለሁ።"

"ኮሚቴው ቢቆጣስ?" አለችው ዙህራ።

"ይቆጣኝ። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ምን ይወስዱብኛል? ፈይሳን አይዞህ በይው። አንቺም ብዪ እንጂ፣ ለሁለት ነው የምትበይው።" መስኮቱን በመዳፉ መታ አድርጎ ሄደ። ጥላሸት የነካው የእጁ ምልክት እንጨቱ ላይ ቀረ።

ዙህራ ዞራ አየችኝ። "ዘርፉ፣ ሽማግሌዎቹ ቢፈሩስ?"

"እነሱ ቢፈሩ ጃራ አይፈራም" አልኳት። እውነቴን ነበር። እንዲህ ያለው መልስ እንዴት እንደሚያቃጥላት ያን ጊዜ ከየት ልወቅ።

ገብረኪዳን ተመለሰ። የጃራን ነገር በሩ ላይ ሆኖ ሰምቷል መሰለኝ፣ ሳይጠየቅ መናገር ጀመረ።

"ምስክር ጥሩ ነገር ነው። ኮሚቴው ይሰማና ፈይሳን ይለቀዋል እንበል። አንድ ሰው ጎደለ። ማን ጎደለ ተብሎ ወደ እኔ ይመጣሉ። እኔ ደግሞ ስህተቱ የማን ነው ስባል፣ ቁልፉ ላይ የነበረችው ማን እንደሆነች መናገር አለብኝ። በመሥሪያ ቤቱ ሥራ ላይ አሻጥር ይባላል። ሚስቱ አሻጥረኛ የሆነችበትን ሰው እቤቱ የሚተዉት ይመስልሻል?"

ውሸቱን ነበር። ስህተቱ የእሱ ነው፣ ሦስታችንም እናውቃለን። ግን በዚያ ዘመን ውሸት ማን እንደተናገረው እየታየ እውነት ይሆናል፣ እሱ ደግሞ የፓርቲ ሰው ነበር።

መብራት መጣ። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ዋስ ራሱን አነበበ። ጠዋት የጻፈችው ማለቂያ አልነበረውም፤ ዋስ ጣለው። በማሽኑ ዘንድ የጃራ ስም ጭራሽ ተነስቶ አያውቅም። ዙህራ እጇን አጣጥፋ ብትቀመጥ ይበቃ ነበር። ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም ነበር፤ ሰው አልጎዳም ብሎ መቀመጥ ብቻ።

"ተጥሏል" አላት ገብረኪዳን። "ወይ እንደገና ጻፊው፣ ወይ ተነሺ።"

እንደገና ጻፈችው። አሁን ጣቷ አልቆመም፤ ጀምራ እስክትጨርስ አንድ ትንፋሽ ነበር። የማለቂያ ምልክቱን መታች። ቴፑ ትንሽ ዞሮ ቆመ። ገብረኪዳን ትከሻዋን መታ መታ አደረገና፣ "እንዲህ ነው ሥራ" አለ። እርማቱን ያተምኩት እኔ ነኝ፤ የገባው ሰው ማን እንደሆነ ያወቅኩት ያኔ ነው። ዙህራን ቀና ብዬ ሳያት ዓይኗን አላሸሸችም። ጠላኋት። እንዲህ እያልኩ ብዙ ዓመት ጠላኋት፤ አሁን ማንን አስቀድሜ እንደምጠላ አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት መኪናው ቢሮው ፊት ለፊት ቆመ። አብዮት ጠባቂዎቹ ቁጥር ይጠራሉ፣ ቁጥሩ የተጠራ ይወጣል፣ እናቶች አጥሩን ይዘው ይጮኻሉ። ጃራ በዚያ መሐል መጣ። የሰርጉን ቀን የለበሰውን ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፣ ሦስቱን ሽማግሌዎች ከኋላው አስከትሏል። እነሱም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በዱላ እየተደገፉ ነው።

ቁጥሩ ተጠራ። ለምስክርነት የተጠራ መሰለው።

"አቤት፣ እነዚህ ናቸው ምስክሮቹ" አለ ወደፊት እየመጣ።

አንዱ ጠባቂ ጃራ አንገት ላይ ያለችውን ታርጋ ይዞ አየና ከወረቀቱ ጋር አስተያየ። ክንዱን ያዘው። ጃራ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ገፋው፣ ቀጥሎ በሰደፍ ትከሻው ላይ መቱት። ሁለት ሆነው አንጠልጥለው መኪናው ላይ ወረወሩት። ነጩ ሸሚዝ ከትከሻው እስከ ወገቡ ተተረተረ።

ዙህራ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ እኔ ከኋላዋ ነኝ። ጃራ ከመኪናው ጎን ተነስቶ ሰው እየፈለገ ዓይኑን አዞረ፣ አገኛት።

"ዙህራ! ሽማግሌዎቹን አስገቢያቸው! ያለ እኔም ይናገራሉ! ፈይሳ እንዳይሄድ!"

"እሺ" አለች ዙህራ።

ሌላም ነገር ይል ነበር፣ ሞተሩ ዋጠው። መኪናው ወደ አዳማ መንገድ ወጣ።

ሽማግሌዎቹ ግራ ተጋብተው ወደ እሷ መጡ። አንደኛው፣ "የት ነው የምንገባው ልጄ?" አላት። ነገሩ መስተካከሉን፣ ፈይሳ እንደማይሄድ ነገረቻቸው።

"ዳነ?"

"ዳነ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ ሽማግሌው፣ ሁለቱ ተቀበሉት። ከዚያ መንገዱን አየና ራሱን ነቀነቀ። "ምነው ጃራ ይህን ሰምቶ በሄደ።"

እቤት ስትደርስ ፈይሳ አልጋው ላይ ተቀምጧል። ወፍጮው አልሄደም፣ አሞኛል ብሎ ቀርቷል። በሩን ሳትዘጋ፣ "ምን አለ?" አላት።

"ፈይሳ እንዳይሄድ አለ።"

ፈይሳ መሬቱን አየ። ሲያለቅስ ትጠብቅ ነበር። "እናቱ ጋ ሂጂ" አላት። "ሰው ሳይቀድምሽ ሂጂ። ቅርባቸው እኛ ነን፣ ከቀረሽ ይጠረጥራሉ።"

ሄደች። ሀዳ ጃራ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሻሻቸው ወድቋል፣ ጃራ ጠዋት ልብሱን ሲቀይር የጣለውን የሥራ ሸሚዝ ጉልበታቸው ላይ ይዘዋል። ዙህራ ልታጽናናቸው አፏን ስትከፍት እንባ ቀደማት። አጠገባቸው ተንበርክካ አለቀሰች፣ የልቧን አለቀሰች፣ ይህን አምናታለሁ። አሮጊቷ ሸሚዙን አስቀምጠው ፊቷን በእጃቸው ጠረጉላት።

"አንቺ አታልቅሺ" አሏት። "ሆድሽ ውስጥ ነፍስ አለ። እግዜር አንዱን ቢወስድ አንዱን ትቶልኛል። ፈይሳ አለልኝ፣ እሱም ልጄ ነው። አንቺና እሱ ኑሩልኝ።"

ዙህራ፣ "አሜን" አለች።